ከሕፃናት አምባ እስከ ኪራይ ክፍል

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ መቂንና ባቱን አልፎ ቡልቡላ ይደርሳል። ከቡልቡላ ወደ ምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ሲገባ፣ በአብጃታና በሻላ ሐይቆች አቅራቢያ አላጌ የሚባል ሰፊ ግቢ አለ። ዛሬ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ግቢው ግን መጀመሪያ የተቋቋመው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ስሙ ሕፃናት አምባ ይባል ነበር፤ ነዋሪዎቹም ወላጆቻቸውን ጦርነት የነጠቃቸው ልጆች ነበሩ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አሳዳጊ ያጡ ልጆች የት አደሩ፣ ማን አጎረሳቸው፣ ሲያድጉስ ወዴት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጌን ዘሎ ማለፍ አይችልም። በአገራችን መንግሥት ራሱ አባትም እናትም ልሁን ብሎ በሰፊው የሞከረበት ቦታ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጦርነት ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ፣ ከየክፍለ ሀገሩ በእናት አገር ጥሪ ተሰባስቦ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ገበሬ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የካቲት 1970 ካራማራ ተይዞ ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ አገር ጨፈረ። በየገጠሩ ግን አባወራው ያልተመለሰበት ጎጆ ብዙ ነበር። የሰሜኑ ጦርነትም ቀጥሎ ስለነበር ቁጥሩ በየዓመቱ ጨመረ። ደርግ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የእነዚህን ዘማቾች ልጆች ከየአቅጣጫው እያመጣ አላጌ ላይ አሰፈራቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ግቢው በመንደር በመንደር ተከፍሎ፣ መኝታ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ እርሻው ሁሉ እዚያው ተሟላ። የጎጃሙ ገበሬ ልጅ ከባሌው፣ የሐረርጌው ከትግራዩ ጎን ለጎን ተኝቶ አደገ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ መጥቶ ወንድም ሆኖ ወጣ።

አምባው ለልጆቹ የሰጠው ነገር ትንሽ አልነበረም። በጊዜው አብዛኛው የገጠር ልጅ ከቤቱ በእግር ተጉዞ የሚደርስበት ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ የአምባው ልጅ ግን ደብተሩም ሐኪሙም ግቢው ውስጥ ነበሩ። እዚያ ያደጉ ሰዎች ዛሬም ሲሰባሰቡ አምባውን በፍቅር ያነሱታል፤ ያን ፍቅር ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። በሌላ በኩል ይህ ሁሉ የተሠራው የአብዮቱ ልጅ ለማፍራት ነበር። ልጆቹ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን እንደ አባት እያዩ እንዲያድጉ ነው የተደረጉት። በዚያው ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ የዚያው ጦርነት ወላጅ አልባዎች፣ ባሕር ተሻግረው ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት በተዘጋጁላቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል።

ከዚያ ግንቦት 1983 መጣ። በወሩ መጀመሪያ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ተቀበለች። ስምምነቱ በአንቀጽ 20 ከቤተሰቡ ለተለየ ሕፃን መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግለት ያዛል። ሳምንት እንዳለፈ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ወጣ፤ ሌላ ሳምንት ቆይቶ የደርግ መንግሥት ራሱ ፈረሰ። የአምባው ልጆች ለሁለተኛ ጊዜ አባት አጡ። ያሳደጋቸው ሥርዓት ጠላት ተብሎ ሲፈረጅ፣ እነሱም የማን ልጆች እንደሆኑ የሚነግራቸው ጠፋ። ዘመድ ያለው ዘመዱን ፍለጋ ሄደ፤ የሌለው በራሱ መንገድ ተበተነ። ሰፊው ግቢ በ1990ዎቹ የግብርና ኮሌጅ ሆነ።

ሕፃናት አምባ ልጅ የሚገባበትን መንገድ አሳምሮ አዘጋጅቷል። የሚወጣበትን ቀን ግን አላሰበበትም፤ አብዮቱ ዘላለማዊ ይመስል ነበርና። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በዚህ አካባቢ ከአምባው በፊትም በኋላም የመጡት ተቋማት በአብዛኛው የተመሠረቱት ልጁ በምን ምክንያት ገባ በሚለው ላይ ነው፤ ጦርነት፣ ድርቅ፣ ኤች አይ ቪ፣ መፈናቀል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ማን ይቀበለዋል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ለነገ ሲተላለፍ ኖሯል።

ተቋም ከመምጣቱ በፊት ጥያቄው መልስ ነበረው። በአዳማና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሞ ሕዝብ ጉዲፈቻ የሚለውን ሥርዓት ከገዳ ጋር አያይዞ ለትውልዶች ኖሮበታል። ልጁ በሽማግሌዎች ፊት፣ በምርቃት፣ የአሳዳጊው ልጅ መሆኑ ይታወጃል፤ ከዚያች ቀን ወዲያ ከአብራክ በተወለደውና በእሱ መካከል ልዩነት የለም። ይወርሳል፣ በጎሳው ይቆጠራል፣ ሲያገባ ሽማግሌ የሚልኩለት የጉዲፈቻ አባቱ ናቸው። በሰሜኑም የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበር፤ ማር የተነከረ ጣት ለልጁ ማጥባት ዝምድናውን ያትመዋል፤ አሳዳጊውም የጡት አባት ይባላል። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ የቲም ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ልጁ ግን የወላጅ አባቱን ስም እንደያዘ ያድጋል። እነዚህ ልማዶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ልጁ የሚወጣበት ቀን የላቸውም። ልጅ ሆኖ ገብቶ ጎልማሳ ሆኖ እዚያው ይኖራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በዘመናዊ ሕግ ሲያስገባም ይህንኑ የልጅነት መብት ነው በጽሑፍ ያሰፈረው።

ታዲያ ማሳደጊያ ለምን አስፈለገ? መልሱ በከፊል አዳማ ራሷ ናት። አዳማ በባቡር ሐዲድ ዙሪያ የተቆረቆረች፣ በንግድ ያደገች፣ ከሁሉም አቅጣጫ ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ናት። በ1940ዎቹ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ከከምባታና ከሀዲያ ሳይቀር ብዙ ወጣት ለአገዳ ቆረጣ መጣ። የጅቡቲው መንገድ ደግሞ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ ሻይ ቤቱንና አልጋ ቤቱን አመጣ። በእንዲህ ያለ ቦታ እናትና አባት ሲሞቱ አጎት ሩቅ ነው፣ አያት ሩቅ ናት። ጎረቤቱም ለራሱ መጤ ነው። ጉዲፈቻ የሚቆመው በዘመድና በጎሳ ላይ ስለሆነ፣ ዘመድ በሳሳበት ከተማ አቅም ያጣል።

በንጉሡ ዘመን የተከፈቱት ስመ ጥር ማሳደጊያዎች፣ የቀጨኔው የሴቶች፣ የኮልፌው የወንዶች፣ ክበበ ፀሐይም፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከወሎና ከትግራይ ድርቅ በኋላ ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር የመጀመሪያውን ግቢ መቀሌ ላይ ከፈተ። ሄርማን ግማይነር በ1949 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ የጀመሩት አሠራር ነው፤ ልጆች በአንድ ትልቅ መኝታ ቤት ከመታጎር ይልቅ አንዲት እናት ይዘው በቤት በቤት ያድጋሉ። በኋላ ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ዘለቀ። በ1972 ወይዘሮ አበበች ጎበና ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በድርቅ የተጎዱ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ያ ጉዞ ትዳራቸውን አስጥሎ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 2013፣ የብዙ ሺህ ልጆች «እዳዬ» አደረጋቸው።

ታላቁ ጎርፍ የመጣው በ1977ቱ ድርቅ ነው። ወሎና ትግራይ ከተራቡ በኋላ በየአቅጣጫው ማሳደጊያ ተከፈተ። ከእነዚህ አንዱ ኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር፤ ቢሾፍቱ፣ ከአዳማ ቅርብ ርቀት ላይ፣ አንዱ ግቢው ነበረ። የኢየሩሳሌም ታሪክ ከሁሉም በላይ ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ በራሱ ላይ የፈረደ ድርጅት ነውና።

በ1980ዎቹ የኢየሩሳሌም ልጆች እያደጉ መጡ። ሲገቡ እንጀራ የሚቆርሱላቸው ሕፃናት ነበሩ፤ አሁን ጺም አብቅለዋል። ሠራተኞቹ ያዩት ነገር አስደነገጣቸው። በግቢ ያደገ ወጣት ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ገዝቶ አያውቅም። ወጥ ሲበስል ያያል እንጂ አልሠራም። ዘመድ ማለት ምን እንደሆነ፣ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ፣ ሠርግ እንዴት እንደሚታጀብ አያውቅም። ምግብና ትምህርት አልጎደለበትም፤ የጎደለው የሰው ኑሮ ነበር። ድርጅቱ ይህን ሲረዳ ግቢዎቹን ቀስ በቀስ መዝጋት ጀመረ። ዘመድ ያላቸው እየተፈለጉ ከድጋፍ ጋር ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ፤ ያደጉት ሙያ ይዘው በራሳቸው እንዲኖሩ ተደረገ። ድርጅቱም ስሙን ለውጦ ዛሬ ኢየሩሳሌም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ነው፤ የሚሠራውም ከዕድሮችና ከማኅበረሰቡ ጋር ሆኖ ነው። ማሳደጊያ የሚከፍት ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ የአገር ውስጥ ትምህርት ቤት ይህ ነው።

ትምህርቱ ግን ብዙም አልተሰማም። ምክንያቱም ቀጣዩ መከራ ደርሶ ነበር። አዳማ፣ ሞጆ፣ ሻሸመኔ፣ መተሐራ፣ ረጅም ርቀት የሚጓዙ ሾፌሮች የሚያድሩባቸው ከተሞች በመሆናቸው ኤች አይ ቪ ክፉኛ መታቸው። መንግሥት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የሞቱት ወላጆች በየቤቱ ልጆች ትተው ሄደዋል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ታናናሾቿን ማሳደግ፣ ኪራይ መክፈልና ትምህርት ማቋረጥ የተለመደ ሆነ። ብዙ ዕድሮች ለቀብር ብቻ ያሰቡትን ገንዘብ ለቀሩት ልጆች ማካፈል የጀመሩት ያኔ ነው። ማሳደጊያም በየከተማው በዛ።

በዚያው ሰሞን የውጭ ጉዲፈቻ ገንዘብ ደረሰ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ይሄዱ ነበር። ገንዘቡ የሚፈልገው ሕፃን ነበር። አልፎ አልፎ ትልልቅ ልጆችም ይሄዱ ነበር፤ ብዙዎቹ ማሳደጊያዎች ግን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፈላጊ አጡ፤ እንግዳ ሲመጣ ልጁ ታናናሾቹን እያቀረበ እሱ ከኋላ ቆመ። በዚህ ውስጥ የተፈጸመው በደል ትንሽ አይደለም። በሕይወት ያሉ ወላጆች ወረቀት ላይ ሞተዋል። ልጃቸው ተምሮ የሚመለስላቸው የመሰላቸው እናቶችም ነበሩ። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በቀን የሚያስተናግደውን መዝገብ ወደ አምስት ዝቅ አደረገው። በጥር 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ። ክልከላውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ ሲቋረጥ ብዙ ማሳደጊያዎች ተዘጉ፤ የቀሩትም ተዳከሙ። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተዛወሩ የጎረመሱት ልጆች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። ዛሬ ከአሥራ ስምንት ዓመት ደጃፍ ላይ ያሉትም ሆነ ያለፉት በብዛት እነሱ ናቸው።

ወረቀቱ ላይ አገራችን ወደኋላ የቀረች አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ለእጓለ ማውታን ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና ጉዲፈቻን እንዲያበረታታ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ደግሞ ማሳደጊያን የመጨረሻው አማራጭ አድርጎ ያስቀምጣል። ቤተሰብ ይቅደም፤ ቀጥሎ ዘመድ፤ ቀጥሎ አደራ ቤተሰብና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፤ ሁሉም ሲጠፋ ማሳደጊያ። በተባበሩት መንግሥታት ደረጃም የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ በዚያው ሰሞን ጸድቆ፣ ልጁ ከተቋም ሲወጣ አስቀድሞ እንዲዘጋጅና ከወጣም በኋላ እንዲደገፍ በግልጽ ጠይቋል። የቤተሰብ ሕጋችን ግን አሥራ ስምንት ዓመት ላይ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ በፊት አካለ መጠን ያላደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ራሱን የቻለ ሰው። በቤተሰቡ ያደገ ልጅ ይህን መስመር ሳያየው ያልፈዋል። አሥራ ስምንት በሞላበት ዓመት ማንም ሻንጣህን አዘጋጅ አይለውም፤ ሃያ አምስት ሞልቶትም ከእናቱ ጓዳ የሚበላ ሞልቷል። በማሳደጊያ ያደገው ግን ያቺ ቀን ስትመጣ ፋይሉ ይዘጋል። በእንግሊዝ አገር ይህን ችግር አይተው በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሩ ከማሳደጊያ የወጣውን ወጣት ቢያንስ እስከ 21 ዓመቱ እንዲከታተለው አስገድደዋል። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ በየድርጅቱ በጎ ፈቃድና ኪስ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የተሻሉት ድርጅቶች ወጣቱን በአንድ ቀን አያስወጡትም። መጀመሪያ አራት አምስት ሆነው ከግቢው ውጭ የተከራየ ቤት ይገባሉ። የምግብ ገንዘባቸውን በእጃቸው ይቀበላሉ፣ አስቤዛ ራሳቸው ይገዛሉ፣ ተራ ገብተው ያበስላሉ። ሶሻል ወርከር በሳምንት አንድ ሁለቴ ብቅ ይላል። በባንክ በስማቸው የተከፈተ ቁጠባ አላቸው። ሙያ የሚማሩት፣ ለምሳሌ ባቱ በሚገኘው የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤት፣ ብየዳና እንጨት ሥራ ይዘው ይወጣሉ። ቀጥሎ ለየብቻ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ክፍል ይከራያሉ፤ ድርጅቱ ለተወሰነ ጊዜ ኪራዩን ሙሉ፣ ከዚያ ግማሹን ይከፍላል፤ ከዚያ ምንም አይከፍልም። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ድስት ተሰጥቷቸው ይሰናበታሉ።

የመጀመሪያው ፈተና የሚገጥማቸው አከራይ ደጅ ላይ ነው። አዳማ ውስጥ ጓሮ ከተሠሩ ክፍሎች አንዱን ሊከራይ የሄደ ወጣት ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ይጠየቃል። «ልጄ፣ አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ ባለቤቷ። «ማሳደጊያ ነው ያደግኩት፣ እማማ።» ሴትየዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያዝኑለታል እንዲያውም። ነገር ግን ነገ ኪራይ ቢያጎድል፣ ቢታመም፣ ቢጣላ ወደ ማን ይደውላሉ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ክፍሉ ተይዟል» ይሆናል። መታወቂያ ለማውጣትም ቀበሌው ነዋሪነቱን የሚያረጋግጥ ሰው ይፈልጋል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደና ወላጆቹ የማይታወቁ ልጅ የልደት ቀኑ ማሳደጊያው የገመተለት ነው።

ሥራ ፍለጋው ላይ ነገሩ ይብሳል። በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በባቱ የአበባ እርሻዎች፣ በሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ጉልበት ያለው ወጣት የቀን ገቢ አያጣም። ነገር ግን ብር ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ሁሉ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌር፣ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ መሥሪያ ቤቱም ደመወዙን ጠቅሶ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ሌላው ሰው አጎቱን፣ የአክስቱን ባል፣ የክርስትና አባቱን ይለምናል። በማሳደጊያ ያደገ ወጣት ዲፕሎማ ይዞ፣ ፈተናውን አንደኛ አልፎ፣ እዚህች ወረቀት ላይ ይቆማል። ዓመት በዓል ሲደርስ የሚሄድበት ቤት ማጣቱ፣ ሊያገባ ሲል የሚልከው ሽማግሌ ማጣቱም ከዚሁ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ያን ጊዜ ወንድሞቼ የሚላቸውን፣ አብረውት ያደጉትን ልጆች ሽማግሌ አድርጎ የሚልክ አለ፤ ሙሽራዋ ቤት ሲደርሱ ሁሉም ከሃያ አምስት ዓመት በታች ናቸው።

መፍትሔው ግን ከራሳችን ልማድ ሊገኝ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ የኦሮሞ ቤተሰቦች አዳማን ጨምሮ በሸዋ ከተሞች ዙሪያ ሲሰፍሩ፣ ሕዝቡ ያሳየው ርብርብ የሚደነቅ ነበር። ኦሮሚያ ክልል ቡሳ ጎኖፋን፣ የተጎዳውን ወገን የማቋቋም ነባሩን የኦሮሞ ሥርዓት፣ በቅርብ ዓመታት በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ዳግም አቋቁሞታል። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበትን አርብቶ አደር ለማቋቋም ከተቻለ፣ ተቋም ያሳደገውን ወጣት ለማቋቋምም ሥርዓቱ ቦታ አለው። የሚያስፈልገው የእህል ክምችት አይደለም፤ የዋስትና ፈንድ ነው። ቀጣሪው የሚቀበለው፣ አከራይዋ የሚያውቁት፣ ማኅተም ያለው ዋስ።

እስከዚያው ግን ሸክሙን የያዙት የማሳደጊያዎቹ ሠራተኞች ናቸው። ሞግዚቷ፣ ሶሻል ወርከሩ፣ የግቢው ሒሳብ ሠራተኛ ላሳደጉት ልጅ በራሳቸው ደመወዝ ዋስ ሆነው ይፈርማሉ። ልጁ ሥራ ይገባል። ችግሩ በአንድ ደመወዝ ላይ የሚጻፈው ዋስትና ልክ ያለው መሆኑ ነው። ለአንዱ ከፈረሙ በኋላ በዚያው ዓመት ለሚወጣው ለሁለተኛው ልጅ ደብዳቤው አይጻፍላቸውም።